በሰማይ 40 ደቂቃ፣ በምድር ግማሽ ቀን፦ ከሐዋሳ ኤርፖርት ከተማ የመግባት ጉዳይ ባለቤቱ ማነው?

«ደረስኩ!» ብላ ደወለች እንበል፤ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ ሐዋሳ የመጣች እህታችን። ቅዳሜ ጠዋት ነው። እሁድ ማታ መመለስ አለባት፤ ሰኞ ሥራ አለ። እናቷ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ቤታቸው ቡና አቀራርበው እየጠበቁ ነው። አቦሉ ተጠጣ። ቶናው ቀረበ። ልጅቷ ገና የለችም።

የት ናት? ኤርፖርት በር ላይ ቆማ ዋጋ እየተከራከረች ነው። ሐዋሳ ኤርፖርት ደርሳለች፤ ሐዋሳ ግን አልደረሰችም።

ይሄ ለብዙዎቻችን አዲስ ወሬ አይደለም። ዛሬ ግን «ታክሲ ተወደደ» ብለን አማረን ብቻ አናልፈውም። ቁጭ ብለን እንደምረው፤ ምክንያቱም ሲደመር የሚወጣው ውጤት ትንሽ ያስደነግጣል።

📌 መጀመሪያ ካርታውን እንይ

የሐዋሳ ኤርፖርት መደበኛ በረራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም የተመረቀው በዚያው ዓመት ነው። ከተማዋ የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች፤ በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ክልል ሲሆን ደግሞ የሲዳማ ዋና ከተማ ሆነች። ስብሰባ፣ ሥልጠና፣ ሰርግ፣ የፕሪሚየር ሊግ ውድድር፣ ፍቼ ጫምባላላ፣ ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ንግሥ... ሰው ወደዚህ ከተማ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ለሁለትና ለሦስት ቀን ነው። አጭር ጉብኝት የሐዋሳ እንጀራ ነው ማለት ይቻላል።

ኤርፖርቱ ያለው ከሐይቁ ሰሜን ምዕራብ በኩል ነው። ከተማው ደግሞ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው የተዘረጋው። በመካከል ሐይቁ አለ። ስለዚህ መኪናው ሐይቁን በሰሜን በኩል ዞሮ፣ ከሻሸመኔ የሚመጣውን አውራ ጎዳና ይዞ፣ በጥቁር ውኃ በኩል ነው ከተማ የሚገባው። በአየር ላይ ስታዩት ቅርብ ነው፤ በጎማ ስትሄዱት ግን የከተማ ውስጥ ጉዞ አይደለም። ባጃጅ ይዤ እገባለሁ የሚባልበት ርቀት አይደለም። ሻንጣ ተሸክሞ ከጭነት መኪና ጋር አንድ አውራ ጎዳና ላይ በባጃጅ መጋፋት ደግሞ ለማንም አይመከርም።

ይሄ በራሱ ጥፋት አይደለም። ኤርፖርት ሰፊና ሜዳ መሬት ይፈልጋል፤ ድምፁም ከቤት መራቅ አለበት። ከከተማ ውጭ መሠራቱ ልክ ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ከከተማ ካራቃችሁት በኋላ ሰውን መልሶ ከተማ የሚያስገባው ማነው?

📌 እስኪ እንደምረው

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በመኪና 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በረራው 40 ደቂቃ አካባቢ። «40 ደቂቃ ለ5 ሰዓት፤ ምን ያወዛግባል!» ትላላችሁ። ግን ጉዞ የሚለካው ከአውሮፕላን በር እስከ አውሮፕላን በር ሳይሆን ከቤት በር እስከ ቤት በር ነው። ቀናውን ቀን ወስደን እንቁጠር፦

▪️ ከቤት እስከ ቦሌ፣ ከነመንገድ መጨናነቁ፦ 45 ደቂቃ
▪️ ፍተሻ፣ ሻንጣ ማስመዝገብና መጠበቅ፦ 1 ሰዓት ተኩል
▪️ በረራ፦ 40 ደቂቃ
▪️ ወርዶ ሻንጣ ይዞ መውጣት፦ 25 ደቂቃ
▪️ መኪና ፈልጎ፣ ዋጋ ተከራክሮ ከተማ መግባት፦ 45 ደቂቃ

ድምሩ 4 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ነው። ይሄ በረራው ሳይዘገይ፣ መኪናም በቶሎ ተገኝቶ ነው። አውሮፕላኑ አየር ላይ የቆየው ግን ከዚህ ውስጥ አንድ ስድስተኛውን ብቻ ነው። የቀረው በሙሉ የምድር ጣጣ ነው።

በመኪናስ? መንገዱ ሰላም ከሆነ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ከቤት ቤት። ስለዚህ አውሮፕላኑ የሚያተርፍላችሁ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ነው። ኤርፖርት በር ላይ መኪና ፍለጋ አንድ ሰዓት ከቆማችሁ ደግሞ ትርፉ ሄደ በሉት። የአውሮፕላን ዋጋ ከፍላችሁ የአውቶቡስ ሰዓት ደረሳችሁ ማለት ነው።

አሁን ወደ ፊት እንይ። ከሞጆ ሐዋሳ የሚዘረጋው የፍጥነት መንገድ በአጠቃላይ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በአራት ክፍል ነው የሚሠራው፦ ሞጆ–መቂ፣ መቂ–ባቱ፣ ባቱ–አርሲ ነገሌ፣ አርሲ ነገሌ–ሐዋሳ። እስከ ባቱ ያለው ክፍል ለመኪና ክፍት ሆኗል። ሙሉው ሲያልቅ ከአዲስ አበባ መውጫ እስከ ሐዋሳ በፍጥነት መንገድ ይኬዳል። በሰዓት በአማካይ 100 ኪሎ ሜትር ብትነዱ ከ3 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ትደርሳላችሁ።

ልብ በሉ! የዚያን ቀን መኪናው አውሮፕላኑን ይቀድመዋል። ኤርፖርቱ ስለማያስፈልግ አይደለም፤ ከኤርፖርቱ በር እስከ ከተማው ያለውን ነገር ማንም ስላላሰበበት ነው።

«ታዲያ ሰው በመኪና ይሂዳ!» የሚል አይጠፋም። ግን ሁሉም ሰው ምርጫ የለውም። ለሕክምና አዲስ አበባ የሚመላለስ በሽተኛ አለ። ነፍሰ ጡር አለች። መንገድ ላይ ስጋት አለ ሲባል በመኪና መሄድ የሚፈራ አለ። ከውጭ አገር መጥቶ ቦሌ ላይ አውሮፕላን ቀይሮ የሚቀጥል አለ፤ ለእሱ በረራው የጉዞው ቀጣይ ክፍል እንጂ ቅንጦት አይደለም። የምድሩ ጣጣ በጣም የሚከብደው ለእነዚህ ሰዎች ነው።

📌 ሾፌሩ ሌባ ነው እንዴ?

ኤርፖርት በር ላይ ዋጋ ሲጠራባችሁ መጀመሪያ የሚመጣው ስሜት ይታወቃል፦ «ዘረፋ ነው!» እኛም ብለነዋል። ግን አንድ ጊዜ ከመሪው ጀርባ ሆነን እንየው።

ለአገር ውስጥ በረራ በብዛት የሚያገለግለው ኪው-400 የሚባለው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን 70 እና ከዚያ ትንሽ በለጥ ያለ ሰው ይይዛል። ሲያርፍ 70 ሰው በአንዴ ይወጣል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጊቢው ጭር ይላል። ቀጣዩ በረራ እስኪመጣ ድረስ ማንም የለም። ሾፌሩ ከከተማ ባዶውን ነድቶ ይመጣል፤ ወይም አንድ ሰው አድርሶ ባዶውን ይመለሳል። በረራው ከዘገየ ቆሞ ይጠብቃል። የቆመበት ሰዓት ከተማ ውስጥ ቢሠራ የሚያገኘው ገንዘብ ነው። ነዳጁንም ተሰልፎ የቀዳው ነው።

ስለዚህ የሚጠራው ዋጋ የአንድ መንገድ አይደለም፤ የሁለት መንገድና የመጠበቂያ ነው። ያንን ሁሉ ደግሞ ብቻዋን የተሳፈረችው እህታችን ትከፍላለች። ሾፌሩም ብዙ አላተረፈ፣ ተሳፋሪዋም ተጎዳች። ሁለቱም ተጣልተው ነው የሚለያዩት። ሲስተሙ የሠራውን ጥፋት ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ይወራወሩታል።

ለስሌት ያህል ብቻ ቁጥር እናስቀምጥ (ትክክለኛው ታሪፍ ነው አላልንም)። ሾፌሩ ደርሶ መልሱን 2,000 ብር ካላገኘ አያዋጣውም እንበል።

👉 አንድ ሰው ብቻ ከተሳፈረ፦ 2,000 ብር በነፍስ ወከፍ
👉 10 ሰው ከተሳፈረ፦ 200 ብር
👉 ሲሄድም 10፣ ሲመለስም 10 ሰው ከያዘ፦ 100 ብር

ያው መኪና ነው፣ ያው መንገድ ነው፣ ሾፌሩም የሚያገኘው ያው ገንዘብ ነው። ልዩነቱ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰዎቹን በአንድ ሰዓት በአንድ ቦታ የሚሰበስብ አካል መኖር አለመኖሩ። ይሄን ሥራ እኛ አገር በስሙ እናውቀዋለን፤ ስምሪት ይባላል። ማንኛውም መናኸሪያ ውስጥ አለ። ተራ አለ፣ ታሪፍ አለ፣ ተራ አስከባሪ አለ። ከቃሊቲ ተነስቶ ሐዋሳ መናኸሪያ የሚወርድ ሰው ለሁሉም የሚሠራ አንድ ታሪፍ ይከፍላል። በአውሮፕላን የመጣው ሰው ግን እንደ ጉልበቱና እንደ ምላሱ ነው የሚከፍለው። ውድ ትኬት የቆረጠው ሰው ከመናኸሪያው ተሳፋሪ ያነሰ ጥበቃ ሲኖረው ትንሽ አያስቅም?

📌 «አፕ አለ አይደል?»

አዲስ አበባ ላይ ራይድ፣ ፈረስና ሌሎቹም መጥተው የለወጡት ትልቁ ነገር መኪና ማብዛታቸው ብቻ አይደለም። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ስክሪን ላይ ማሳየታቸው ነው። ከዚያ በፊት ቦሌ በር ላይ ዋጋው የሚወሰነው በፊታችሁ ነበር፦ እንግዳ ትመስላላችሁ? ቸኩላችኋል? ከውጭ ነው የመጣችሁት? አሁን ቢያንስ የምትከራከሩበት ቁጥር በእጃችሁ አለ።

ሐዋሳ ግን የራሷ አካሄድ አላት። የከተማዋ እግር ባጃጅ ነው። ከፒያሳ እስከ አሞራ ገደል፣ ከመናኸሪያ እስከ ዩኒቨርሲቲ በባጃጅ ትደርሳላችሁ፤ ከተማው ውስጥ ይሄን የሚያህል ምቹ ነገር የለም። ነገር ግን የባጃጅ ጉልበት ከተማው ውስጥ ነው። ችግራችን ከከተማው ውጭ ያለው ክፍል ነው።

አፑም ቢሆን ስምሪትን አይተካም። 70 ሰው በአንዴ ሲወርድ አካባቢው ላይ ሁለት መኪና ብቻ ካለ፣ ሁሉም አፕ ቢከፍት መኪና አይወለድም። አፕ ያለውን መኪና ከሰው ጋር ያገናኛል፤ መኪናው በሰዓቱ እዚያ እንዲገኝ ግን የበረራውን ፕሮግራም የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

ሌላ አስቂኝ ግን እውነተኛ ነገር አለ። «አዲስ ከተማ» የሚባል ክፍለ ከተማ አዲስ አበባም አለ፤ መርካቶና አውቶቡስ ተራ ያሉበት። እንግዳ ሰው ስልኩ ላይ «አዲስ ከተማ» ብሎ ሲፈልግ ካርታው 275 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ መርካቶ ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ አዲስ ከተማ ሐዋሳ ያላችሁ ልጆች፣ እንግዳ ሲመጣባችሁ የክፍለ ከተማውን ስም ብቻ አትላኩ። ቦታውን ከካርታ ላይ ነክታችሁ በቴሌግራም ላኩለት፤ ከዚያ በአቅራቢያችሁ ያለ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት ስም ጨምሩ። ባጃጅ ነጂው የሚያውቀው እሱን ነው።

📌 ባለቤቱ ማነው?

እዚህ ጋ ነው ዋናው ነገር። አየር መንገዱን ብትጠይቁ፣ ሥራው እናንተን በሰላም ማሳረፍ ነው። ከተማ አስተዳደሩን ብትጠይቁ፣ የሚያሰማራው በከተማው ክልል ውስጥ ነው። የትራንስፖርት ቢሮው ከከተማ ከተማ ያለውን መስመር ያያል። ሆቴሉ የራሱን እንግዳ ያመጣል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የራሱን ኃላፊ ይቀበላል። ሁሉም የድርሻውን ይሠራል። የማንም ድርሻ ያልሆነው ሰው ግን አለ፦ ሆቴል ያልያዘው፣ መኪና ያልተላከለት፣ እናቱ ቤት የሚሄደው ሰው።

ልብ ካልን ግን ባለቤት ሊሆን የሚችል አካል የለም ማለት አይቻልም። የኢትዮጵያ ኤርፖርቶች ድርጅት በ2009 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ጋር ተዋህዷል። ከዚያ ወዲህ አውሮፕላኑም ኤርፖርቱም በአንድ ግሩፕ ሥር ናቸው። ማለትም ስንት ሰው በስንት ሰዓት እንደሚያርፍ ቀድሞ የሚያውቀው፣ ትኬቱን የሚሸጠውና መኪና የሚቆምበትን ግቢ የሚያስተዳድረው አንድ ቤት ነው። ከከተማው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጋር አንድ ስብሰባ ቢቀመጥ ጉዳዩ የሚያልቅ ይመስለናል። ቢሊዮን ብር የሚጠይቅ ፕሮጀክት አይደለም።

📌 የሐዋሳ ብቻ ነው እንዴ?

አይደለም። ላሊበላ የምትሄዱ ታውቁታላችሁ፤ ኤርፖርቱ ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ መንገዱም ዳገት ነው። ደሴ የሚሄድ ሰው ኮምቦልቻ ነው የሚያርፈው፤ ከዚያ ተራራውን መውጣት አለበት። ሐረር የሚሄድ ድሬዳዋ ወርዶ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ይቀጥላል። ጎንደር አዘዞ አርፋችሁ ፒያሳ ለመድረስ ሌላ ጉዞ አለ።

በባቡርም አይተነዋል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ሲመረቅ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። የአዲስ አበባ ጣቢያው ግን እንደ ድሮው ለገሃር መሐል ከተማ ሳይሆን ፉሪ–ለቡ ሆነ። ከድሬዳዋ በባቡር የመጣ ሰው ለቡ ወርዶ መሐል ከተማ ለመድረስ ሌላ ታክሲ ይፈልጋል። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡርም ቦሌ ኤርፖርት አይደርስም። እኛ አገር ትልቁን ነገር እንሠራለን፤ ትልቁን ነገር ከሰው ቤት ጋር የሚያገናኘውን ትንሿን ነገር ግን እንረሳለን።

አሁን ደግሞ ትልቁ ፈተና ቢሾፍቱ ነው። እስከ ዛሬ አዲስ አበባ ዕድለኛ ነበረች፤ ቦሌ ከተማው ውስጥ ነው። ቦሌ ላይ ሌሊት 9 ሰዓት ብትወርዱ እንኳን መኪና አታጡም። በ2018 ዓ.ም. ግንባታው በይፋ የተጀመረው አዲሱ ኤርፖርት ግን ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሏል። ከቦሌ የሚያገናኝ ፈጣን ባቡርም በእቅዱ ውስጥ አለ። መልካም። ታሪክ የሚያስተምረን ግን ባቡሩ «ቀስ ብሎ ይመጣል» ሲባል ምን እንደሚከተል ነው።

🔹 ካናዳ፣ ሞንትሪያል፦ ሚራቤል የሚባል ግዙፍ ኤርፖርት በ1975 እ.ኤ.አ. ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ተከፈተ። ከከተማው ጋር ያገናኘዋል የተባለው ባቡር ሳይሠራ ቀረ። ሰው አልወደደውም፤ አሮጌውና ቅርቡ ኤርፖርትም ሥራውን ቀጠለ። በ2004 የመንገደኛ በረራ ጨርሶ ቆመ። ተርሚናሉም በኋላ ፈረሰ። ለውድቀቱ ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩ፤ የመንገዱ ነገር ግን ከዋናዎቹ አንዱ ነው።

🔹 ጃፓን፣ ናሪታ፦ በ1978 ተከፈተ፤ ከቶኪዮ መሐል 60 ኪሎ ሜትር ገደማ። ባቡር ተርሚናሉ ሥር የገባው በ1991 ነው። እስከዚያ ድረስ 13 ዓመት መንገደኛው ተንገላታ።

🔹 ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ፦ ጋውትሬን የሚባለው ባቡር ኤርፖርቱን ከሳንድተን ጋር ያገናኘው በ2010፣ የዓለም ዋንጫው ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ጉዞው ሩብ ሰዓት ያህል ነው፤ ዋጋውም የታወቀ ነው።

ለሐዋሳ ባቡር አንጠይቅም። 70 ሰው ለያዘ አውሮፕላን ባቡር ምን ያደርጋል? ትምህርቱ ግን ያው ነው፦ ማገናኛው አብሮ ካልታሰበ ዋናው ነገርም ዋጋ ያጣል።

📌 ምን ቢደረግ?

1️⃣ ከበረራ ጋር የሚነሳ ሚኒባስ። አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር ሁለት ወይም ሦስት መኪና በተራ ይቁም። የተወሰነ መስመር ይኑረው፦ ኤርፖርት–ጥቁር ውኃ–ፒያሳ–መናኸሪያ። ከዚያ አዲስ ከተማም ሂዱ ታቦር፣ ባጃጅ ሞልቷል። ወደ ኤርፖርት ሲመለስም በዚያው መስመር የሚበረውን ሰው ይዞ ይሄዳል። ባዶ መንገድ ቀረ ማለት ዋጋው ቀነሰ ማለት ነው።

2️⃣ የተለጠፈ ታሪፍ። ሻንጣ የምንቀበልበት ቦታ ላይ አንድ ሰሌዳ፦ በወንበር ይህን ያህል፣ ኮንትራት ይህን ያህል፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ይህን ያህል። በአማርኛ፣ በሲዳምኛ፣ በእንግሊዝኛ። በዚህ አገር አንድ ሰሌዳ የሚያስቀረው ጭቅጭቅ ብዛቱ አይቆጠርም።

3️⃣ ለከተማው ወጣት ሥራ። ይሄ ስምሪት በማኅበር ለተደራጁ የሐዋሳ ልጆች ቢሰጥ ገቢው እዚያው ይቀራል። የታወቀ መኪና፣ የታወቀ ሾፌር፣ የሚከሰስበት ስልክ ቁጥር። ሾፌሩም ከተሳፋሪ ጋር ሳይጣላ ቋሚ ገቢ ያገኛል።

4️⃣ ከትኬቱ ጋር መሸጥ። ትኬት ስትቆርጡ «ከኤርፖርት ከተማ ወንበር ይፈልጋሉ?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨመር፣ ስንት ሚኒባስ እንደሚያስፈልግ ከአንድ ቀን በፊት ይታወቃል። ክፍያው ደግሞ በቴሌብር ያልቃል።

«ሰው ራሱ ይለመደዋል፤ ገበያው ያስተካክለዋል» የሚል መከራከሪያ እንዳለ እናውቃለን። ገበያ የሚያስተካክለው ገዢም ሻጭም ዋጋውን ሲያውቁ ነው። እንግዳ ሰው ግን ሻንጣውን ይዞ፣ ከከተማ ርቆ፣ መሄጃ ሳይኖረው ነው የሚደራደረው። ያ ገበያ አይደለም።

📌 እስከዚያው ግን፤ ለአጭር ጊዜ ለምትሄዱ

✅ ሆቴል ከያዛችሁ አስቀድማችሁ ደውሉና «ከኤርፖርት ትቀበሉኛላችሁ? ዋጋው ተካቷል ወይስ ለብቻ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛዋን ጥያቄ አትርሱ።

✅ ዘመድ ቤት የምትሄዱ ከሆነ ዘመዳችሁ የሚያውቀውን ሾፌር ከአንድ ቀን በፊት አናግሩ። ዋጋውን በጽሑፍ ተስማሙ፤ አንድ መስመር የቴሌግራም መልእክት ይበቃል።

✅ ሰዓት! ትኬት ላይ የተጻፈው 09:00 በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ሾፌሩን «9 ሰዓት ና» ካላችሁት ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። በተለይ ከውጭ የምትመጡ፣ ሰዓቱን «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ብላችሁ ጨምሩበት።

✅ አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገባችሁ ያለውን ሰው «ከተማ ነው የምትገባው?» በሉት። ሦስት ሰው ከተባበረ ኮንትራቱ ለሦስት ይከፈላል። የአገራችን ሰው ለጨዋታ አይሰንፍም፤ ተጠቀሙበት።

✅ መመለሻችሁን ስትገቡ ጨርሱት። ያደረሳችሁን ሾፌር ጥሩ ሰው ሆኖ ካገኛችሁት ለእሁድም እሱኑ ያዙት። ሁለት ጉዞ በአንዴ ሲይዝ ዋጋ ይቀንሳል። ደግሞ የበረራ ቀን ጠዋት መኪና መፈለግ በረራ ለማምለጥ ትክክለኛው መንገድ ነው።

✅ ታኅሣሥ 19፣ ፍቼ ሰሞን ወይም ትልቅ ስብሰባ ባለበት ሳምንት የምትሄዱ ከሆነ መኪናውን ከትኬቱ ጋር እኩል አስቡት። ያን ጊዜ መኪናው ሁሉ ተይዞ ነው የሚጠብቃችሁ።

✅ ቆይታችሁ አንድ ሌሊት ብቻ ከሆነ በአውሮፕላንም በመኪናም ከላይ እንዳደረግነው ደምሩት። አንዳንዴ በአውሮፕላን ሄዶ በመኪና መመለስ፣ አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱንም በመኪና ማድረግ ያዋጣል። ትኬቱ ላይ ባለው 40 ደቂቃ ብቻ አትወስኑ።

📌 ለማጠቃለል

ከተማ እንግዳውን የሚቀበለው በአበባና በባነር ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ሰላምታ ኤርፖርት በር ላይ የሚጠራው ዋጋ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ አላት፣ ዓሣ አላት፣ ሰፊ ጎዳና አላት፣ ሰው ወዳድ ሕዝብ አላት። እንግዳው ግን እዚህ ሁሉ ጋ ከመድረሱ በፊት ተናዶ ከገባ፣ ሲመለስ የሚያወራው ስለ ሐይቁ አይደለም።

የሚጠየቀው ነገር ትንሽ ነው፦ አንድ መስመር፣ አንድ ታሪፍ፣ አንድ ሰሌዳ፣ «ይሄ የእኔ ሥራ ነው» የሚል አንድ አካል። ያኔ አዲስ ከተማ ያሉት እናት «ደረስኩ» የሚል ስልክ ሲደወልላቸው ልጅቷ በእውነት እየደረሰች ነው ብለው አቦሉን ይቀዳሉ።

እናንተስ? በቅርቡ ከሐዋሳ ኤርፖርት ከተማ ለመግባት ስንት ከፈላችሁ? ስንት ደቂቃስ ፈጀባችሁ? ወሩንና ዋጋውን ብቻ ጻፉልን፤ የሾፌር ስምና ታርጋ አያስፈልግም። ሾፌሮችም ካላችሁ ከመሪው ጀርባ ያለውን ወጪ ንገሩን። ከመቶ ሰው የተሰበሰበ ዋጋ ታሪፍ ለሚያወጣው አካል ማስረጃ ይሆናል።

መልካም መንገድ! 🙏